ድምፅ እየሄደ ግምጃ ቤት አይኬድም

የድምፅ ፕሮግራም ስጽፍ አንድ ሕግ አላስነካም። ሙዚቃው በሚሄድበት ጊዜ ኮምፒዩተሩ በየቅጽበቱ «ቀጣዩን ድምፅ አምጪ» እያለ ፕሮግራሜን ይጠራል። በዚያ ጥሪ መሀል አዲስ ሜሞሪ መጠየቅ የለም፤ የተወሰደውንም መመለስ የለም። ቀድሞ ይወሰዳል፣ ሲያበቃ ይመለሳል። ወጣት ባልደረቦቼ «ትንሽ እኮ ናት» ይሉኛል። ትንሽነቷ ምን ያደርግልኛል? ችግሩ ሜሞሪ ለማግኘት የሚያዘው ወረፋ ነው፤ ምን ያህል እንደሚያስጠብቀኝ አላውቅም። ድምፅ ደግሞ አይጠብቅም።

ይህን የተማርኩት በደርግ ጊዜ፣ ነቀምቴ ነው። የኪነት ቡድኑን ድምፅ ማጉያ የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ ጊዳ አያናም ብንሄድ ኑኑ ቁምባም። ዕቃው ሁሉ የሚቀመጠው የቀበሌው ግምጃ ቤት ነው። ኃላፊው ደግ አዛውንት ነበሩ፤ ግን ሌላ ሰው እያስተናገዱ ከሆነ ቤት ቢቃጠል ቀና አይሉም። ስለዚህ መለዋወጫውን ሳይቀር ጠዋት አወጣ ነበር። «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» እኔ ዘንድ አይሠራም።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ትልቅ ባለሥልጣን መጣ። ካድሬያችን የስብሰባ አዳራሹ በር ላይ ጠራኝና «ድምፁ ከተቋረጠ አሻጥር ነው» አለኝ። በአሻጥር የተጠረጠረ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ሁላችንም እናውቃለን። ፈራሁ። ስለዚህ ሁለት ማይክ ጎን ለጎን አቁሜ፣ የሁለተኛውን ድምፅ ዘግቼ ተቀመጥኩ።

የባለሥልጣኑ ንግግር ሲጋጋል አዛውንቱ ግድግዳውን ታክከው አጠገቤ ደረሱ። የሥራ ሰዓት ማብቃቱ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ዕቃ ጎድሎ ግምጃ ቤት ቆልፈው አያውቁም።

«ማሎ ልጄ፣ እባክሽ ያንን የማትሠሪበትን ማይክ ንቀይልኝና ልቆልፍ።»

«አባ ኮ፣ ንግግሩ ሲያልቅ።»

«ዝም ብሎ ቆሟል እኮ!»

«ይቁም።»

ሽቦውን ያዙ። እጄን እጃቸው ላይ አደረግኩ። ተናደው አጠገቤ ቁጭ አሉ።

ብዙም ሳይቆይ ተናጋሪው ጠረጴዛውን ሲመታ የመጀመሪያው ማይክ ተንኮሻኮሸና ሞተ። አንዱን ዘጋሁ፣ ሌላውን ከፈትኩ። ሰውየው ቀጠለ፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። ካድሬው እንኳ ዞር አላለም። ያዩኝ አዛውንቱ ብቻ ነበሩ።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን ሽቦውን ጠቅልዬ ማይኩን ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም።

«ነቅዬው ቢሆን ኖሮ...» አሉና ቀስ ብለው ተነሡ። «ነገም ስብሰባ አለ። አንቺ ጋ ይደር።»

ግምጃ ቤቱን ሊቆልፉ ሄዱ።