የቀመሪያ የታች ድምፅ

በደርግ ጊዜ መካኒሳ አቦ ያለ ሙዚቃ መሣሪያ የምንዘፍን አምስት የቀበሌ ሰዎች ነበርን። እኛ አራታችን ዋናውን ዜማ ስንይዝ፣ ልብስ ሰፊዋ ቀመሪያ ከሥር በወፍራም ድምፅ ሌላ ዜማ ታወርድ ነበር።

ለአብዮት በዓል ስንለማመድ ካድሬው ጮኸብን። «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ አንድ ነው! እሷ ለምን ለብቻዋ ትሄዳለች? ሁላችሁም አንድ ዓይነት ዝፈኑ!»

ማን አፉን ይከፍታል? እንደገና ጀመርን። ቀመሪያ ግን ዝም አለች።

«ምን ሆንሽ እህቴ?» አልኳት።

ግራ ተጋብታ አየችን። «የእናንተን አላውቀውም እኮ!»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ስትዘፍኚ ነበር?» አለ ካድሬው፣ እሱም ግራ ገብቶት። «እስቲ ለብቻሽ በይው!»

ዓይኗን ጨፍና ለቀቀችው። እኛ ተያየን። ስንት ዓመት ከጎኗ ቆመን ስንጮህ የኖርን ጉዶች፣ ያን የመሰለ ዘፈን መኖሩን የሰማነው ገና ያን ዕለት ነው።