የጣራችን ውኃ የት ይገባል?

መካነ ሰላም ላይ ክረምት ሲገባ ሰው ሁሉ አካፋ ይዞ ይወጣል፤ ውኃ ለማባረር። ገበሬው ከማሳው ትርፍ ውኃ እንዲወጣለት ፈሰስ ያወጣል፤ የከተማውም ሰው ያንኑ ልማድ ይዞ በበሩ በኩል ቦይ ይቆፍራል። ከአጥር ከወጣ በኋላ የት እንደሚሄድ የሚጠይቅ የለም። እኔ ግን ካላየሁ አላርፍም። ከዐረብ አገር በተመለስኩበት ክረምት ጃንጥላዬን ይዤ ተከተልኩት። ከቆርቆሯችን ወርዶ፣ በበሩ ወጥቶ፣ ታጥፎ የጎረቤታችንን የእማማን የጭቃ ቤት እየላሰ ያልፋል። ግድግዳቸው ከታች አብጦ ጭዱ ወጥቷል።

እማማ እናቴ ገበያ ስትውል እያበሉ ያሳደጉኝ ናቸው። ግድግዳው ከወደቀ አቀስታ ከተማ ልጃቸው ዘንድ መግባታቸው ነው። ልጅቱ ደግ ናት፤ እሳቸው ግን በስተርጅና የሰው ቤት መግባት ሞት ነው ይላሉ። በውኃችን አንድ ቀን እንኳ አልተናገሩንም። ያንገበገበኝም ይሄው ነው።

ወንድሜ ደግሞ ጭቃ ሰልችቶት ግቢውን ሊሾ እናድርገው እያለ ጆሮዬን ያደነቁረኛል። ሊሾ ቢሆንማ ጎርፉ ይብሳል! እኔ በሠራሁበት ቤት ሣር የሚጠጣው ውኃ በቦቴ እየተገዛ ነበር የሚመጣው። እኛ በነፃ የወረደልንን እናባርራለን፤ ይገርማል እኮ። እዚሁ ቢቀርስ አልኩ።

ግቢው ውስጥ እዚህም እዚያም ቆፈር እያደረግኩ በባልዲ ውኃ አፈስና ቁጭ ብዬ አያለሁ። በሩ አጠገብ፣ እግር የጠቀጠቀው አፈር ላይ፣ እስኪመሽ ቆመ። ጓሮ፣ ድሮ ከብት ይታሰርበት የነበረው ቦታ ግን ባልዲውን መልሼ ሳልመጣ ጭልጥ አድርጎ ጠጣው። እንደገና አፈሰስኩ፤ እንደገና ጠጣው። ሰፈርተኛው ልቧን ዐረብ አገር ጥላ መጣች እያለ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

ወንድሜን ለምኜም ተጨቃጭቄም አሸንዳውን ወደ ጓሮ አዞርነው። እዚያ ሰፋ ያለ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጎድጓዳ ቆፍረን መሀሉ ላይ ቄጠማ፣ ጠርዙ ላይ ሰርዶ ተከልን። የቀረውን ግቢም ሰርዶ አለበስነው፤ እሱ ጭቃ እንዳይረግጥ መረማመጃ ድንጋይ ደረደርኩለት። እስካሁንም ሊሾ ይሻል ነበር ይላል።

የሐምሌ ዶፍ ከነበረዶው ወረደ። ጎድጓዳው አፉ ድረስ ሞላ፤ ቄጠማው ተዋጠ። ከገነፈለ ወደ እማማ ነው የሚሄደው። እመብርሃን ድረሽልኝ አልኩ። እሳቸውም ተከናንበው ከአጥሩ ማዶ ቆመው ያያሉ። ዝናቡ ሲያባራ ውኃው ዝቅ አለ፤ ቆይቶ ደግሞ ዝቅ አለ። በማግስቱ የቀረው እርጥብ አፈር ብቻ ነው። ያ ሁሉ ውኃ የት ገባ? ዛሬም ድረስ ጎንበስ ብዬ አያለሁ።

ክረምቱ ሲወጣ ልጃቸው ልትወስዳቸው ከአቀስታ መጣች። እማማ እጇን ይዘው ወደ ግድግዳው ወሰዷትና አስነኳት። ደረቅ ነው።

«አልሃምዱሊላህ» አሉ። «እንግዲህ ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው።»

እናቴ ለምን ያሟርታሉ ብላ ተቆጣች። እሳቸው ግን እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው ሲስቁ አይቼ አላውቅም።