የአውድራ አባት እና የደቦው ቅዳሜ

በዚያ ዓመት ጸደይ ላይ ዝናቡ ተወን። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ዝናብ በማያጣት ከተማችን በበርገን ላይ ጠብ አላለም፤ እኔው ራሴ ቆጥሬዋለሁ። ሰዉ ጃንጥላውን ምን እንደሚያደርገው ጠፍቶት እንደ ከዘራ ይዞት ይዞር ነበር። ጠዋት የተሰጣ ልብስ ከሰዓት ይደርቃል። ክረምቱን ሙሉ ከኮፍያቸው ሥር አፍንጫቸውን ብቻ ሳይ የከረምኳቸው ጎረቤቶቼ ለካ ጠቃጠቆ አለባቸው። እኔም ያለ ምክንያት ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ። ባሌ ከሞተ ስድስተኛ ዓመቱ ነበር፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ሳላስበው ዘፈን ሳንጎራጉር ራሴን ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው።

አውድራ ላይኛዋን ክፍሌን ተከራይታ የምትኖር የሊትዌኒያ ልጅ ነበረች። የምትማረው የዓሣ ሕክምና ነው። እኔ ሰባት ዓመት ተምሬ ዓሣ በቆርቆሮ ወደሚያሽግ ፋብሪካ የገባሁ ሰው ነኝ፤ ዓሣን የማውቀው ከሞተ በኋላ ነው። "ዓሣ ሲያስነጥሰው በምን ታውቂያለሽ?" ስላት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። ፍንጭት ናት፤ ታፍርበት ነበር። ሁሉም "አንቺ" በሚለኝ ግቢ ውስጥ "እርስዎ" የምትለኝ እሷ ብቻ ነበረች፤ ተይ ብላት እምቢ አለች፤ ኋላ ለመድኩት።

እናቷ በጥቅምት ሞተችባት። ሄዳ ቀብራ ተመለሰች። ጸደይ ላይ አክስቷ ደወለችላትና፣ "አባትሽ ይመጣል። ሊያይሽ ግን አይደለም፤ ሊወስድሽ ነው። ብቻውን ከላሞች ጋር እያወራ ነው የከረመው" አለቻት። ትምህርቷ ገና ሁለት ዓመት ይቀረው ነበር።

ወጥ ቤት መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"ጉድሩን፣ አራት ቀን ነው ያለኝ። በአራት ቀን ይኼን አገር ካልወደደልኝ አለቀልኝ።"

"አገር በአራት ቀን አይወደድም" አልኳት፣ "እኔ እንኳ ስልሳ ዓመት ፈጅቶብኛል።"

"ኧረ እንዲህ አይበሉኝ!"

ነገር ሁሉ ወረቀት ላይ ካልሰፈረ የማይሆንላት ልጅ ናት። የአራቱን ቀን ውሎ በሰዓት ከፋፍላ ጽፋ ማቀዝቀዣዬ ላይ ለጠፈችው፤ ገበያው፣ ትምህርት ቤቷ፣ ተራራው፣ ቅዳሜ ደግሞ በመርከብ ወደ ደሴቶቹ።

ብሮኒዩስ ሐሙስ ጠዋት ደረሰ። እጁ አካፋ ያክላል። ሻንጣው ውስጥ ከአንድ ሸሚዝ በቀር ልብስ የሚባል ነገር የለም፤ የቀረው የተጨሰ የአሳማ ሥጋ፣ ጥቁር ዳቦ፣ በጨርቅ የታሰረ አይብ ነው። ሁሉንም ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረና "ልጄን ስላኖሩልኝ" አለኝ፤ አውድራ ናት ያስተረጎመችው።

ዓሣ ገበያውን አይቶ "ጥሩ ነው" አለ። ዓሣ ታክምበታለች የተባለውን ገንዳ አይቶ "ጥሩ ነው" አለ። ዓርብ ዕለት፣ የአባቷን ዝምታ እንድትችለው እንዳግዛት ብላ፣ እኔንም ወደ ተራራው ይዛኝ ወጣች። ከላይ ሆነን ከተማውን ከነባሕሩ፣ ከነደሴቶቹ አየነው፤ በዚያ ፀሐይ እኔን እንኳ እንባ እንባ አለኝ። ሰውዬው ግን ዓይኑን አጥብቦ ሲመለከት ቆየና፣

"ድንቹን የት ነው የሚተክሉት?" አለ።

"አባዬ፣ እዚህ ድንች ከሱቅ ነው።"

"ጥሩ ነው።"

ስንወርድ አውድራ ጆሮዬ ሥር መጣች። "አባቴ ጥሩ ነው ካለ ሆዱ ውስጥ ወስኗል ማለት ነው። ፈረሳችንን የሸጠ ቀንም እንዲሁ ነው ያለው።"

ቅዳሜ ጠዋት ሁለታችንም የረሳነው ነገር መጣ። የግቢያችን የጸደይ ደቦ ነበር። ዙሪያውን ያሉት አራት ቤቶች በየዓመቱ በዚያ ቀን ወጥተው ግቢውን ያጸዳሉ፤ የስም ዝርዝሩ በሩ ላይ ይለጠፋል። ያልወጣን ሰው ማንም ምንም አይለውም። ግን ሁሉም ያውቃል፤ እስከ መኸሩ ደቦ ድረስም ያውቃል። እኔ "እናንተ ወደ መርከባችሁ ሂዱ፣ በናንተ ፋንታ እጠርጋለሁ" ልላቸው ደረጃውን ስወጣ ጩኸት ሰማሁ።

ብሮኒዩስ መስኮቱ አጠገብ ቆሟል፤ ፊቱ በርበሬ መስሏል። ታች ሰው ሁሉ መጥረጊያና አካፋ ይዞ ተሰልፏል፤ አንዱ ወረቀት ይዞ ስም ይጠራል። የተናገረውን በኋላ ነው አውድራ የነገረችኝ።

"ለዚህ ነው ከቤት የወጣሽው?" ነበር ያላት። "በሶቪየት ጊዜ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እንዲሁ በዝርዝር እየጠሩ መናፈሻ ያስጠርጉን ነበር! እናትሽ አንቺን እርጉዝ ሆና፣ በዝናብ፣ ቅጠል ጠርጋለች፤ 'ቀረች' ብለው እንዳይጽፉባት ፈርታ። አንቺ ደግሞ በገዛ እግርሽ መጥተሽ ትመዘገቢያለሽ? ልብስሽን ሰብስቢ!"

እኔን ሲያይ ወደኔ ዞረ። "እሳቸው ይናገሩ። ያልወጣ ሰው ምን ይደረጋል?"

አውድራ አስተረጎመችው።

"ምንም። ቋሊማ አይደርሰውም" አልኩ።

"ያ ፍሳሽ ቦዩ ውስጥ የገባው ሽማግሌ ማነው?"

"ቶርሌፍ ነው። ዳኛ ነበር፣ ጡረታ ወጥቷል።"

"ምን አጥፍቶ ነው?"

"ኧረ ምንም! ዘንድሮ የፍሳሹ ተራ የሱ ነው።"

ሰውዬው አንዴ እኔን፣ አንዴ እስከ ጉልበቱ ጭቃ የሆነውን ዳኛ እያየ ቆየ። ከዚያ ኮቱን እንኳ ሳይለብስ ወረደ። ሊጣላ መስሎን እኔና አውድራ እየሮጥን ተከተልነው።

አልተጣላም። እጁን ኪሱ ከትቶ ጥግ ላይ ቆመ። በክረምቱ ጎርፍ የተናደ የድንጋይ ካብ ነበረን፤ ቶርሌፍ ፍሳሹን ጨርሶ ወደዚያ ሄደ። ቶርሌፍ ደግ ሰው ነው፤ በግንበኝነት ግን አይታማም። ክቡን ድንጋይ በክቡ ላይ እንደ እንቁላል ይከምራል። ብሮኒዩስ አንድ ጊዜ አቃሰተ። ሁለት ጊዜ አቃሰተ። ለሦስተኛው ድንጋዩን ከዳኛው እጅ ነጠቀውና አንድ ነገር ተናገረ።

"ምን አለ?" ብሎ ጠየቀ ቶርሌፍ።

"እ... ሊያግዝዎ ነው" አለች አውድራ።

"እውነቱን ንገሪኝ እንጂ።"

"'ይኼ ካብ ነው ወይስ የዶሮ ጎጆ?' ነው ያለው።"

"ሠላሳ ዓመት ስፈርድ ኖሬ፣ ያለ ይግባኝ ሲፈረድብኝ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው!" ብሎ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ዳኛው ጠጠር አቀባይ ሆነ። ብሮኒዩስ ካቡን እስከ ሥሩ አፍርሶ እንደገና ጀመረው። በምልክት ያዛል፤ ሲያጠፉ ይቆጣል፤ ሲያሳምሩ ትከሻ መታ ያደርጋል።

ከሰዓት ቋሊማው ተጠበሰ። የቶርሌፍ ሚስት ማሪት ከወዲያ ጥግ ተጣራች። "አንቺ ልጅ፣ ሰናፍጩን አምጪ እንጂ! መኸር ላይ ኀዘንተኛ ነሽ ብለን አለፍንሽ፤ ዛሬ አናልፍሽም!"

ብሮኒዩስ ምን እንዳለች ጠየቀ። አውድራ ነገረችው። ማኘኩን አቆመ።

"ኀዘንሽን በምን አወቁ?"

"ማሪት ናት በመኪናዋ አውሮፕላን ማረፊያ ያደረሰችኝ። ሻንጣዬን የተሸከመልኝ ባሏ ነው። መርዶው የመጣ ሌሊት ጉድሩን አብረውኝ ተቀመጡ፤ ስመለስም ሾርባ ሠርተው ጠበቁኝ።"

የቀረውን ቋሊማ ሳህኑ ላይ መለሰው። እኔም ቋሊማዬን እያየሁ ቀረሁ፤ አውድራ ለኛም ስላስተረጎመችው፣ ያን ያህል ሰው ፊት ሾርባዬ ሲነሳ አፈርኩ።

"ታልካ" አለ በመጨረሻ። የኛን ደቦ በነሱ ቋንቋ መጥራቱ ነው። "በአያቴ ጊዜ ነበር። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ካለ መንደሩ ይወጣና በሳምንት ያቆምለታል። ማንም ስም አይጠራም። በኋላ ዝርዝሩ መጣና ሰው ነገሩን ጠላው።"

"እኛም ዝርዝር አለን" አልኩ፤ ውሸት ውስጥ እንዳልገባ ብዬ።

"የኛው ቋሊማ እንዳያንስ ነው" አለ ቶርሌፍ።

ብሮኒዩስ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ወደ ልጁ ዞረ። "ስንት ነው የቀረሽ ያልሽው?"

"ሁለት ዓመት።"

"ላሞቹን እሸጣለሁ፤ አንዷ ትበቃኛለች። ሐምሌ ላይ ለሣር አጨዳ ትመጫለሽ?"

"እመጣለሁ፣ አባዬ።"

"እንግዲያው ተማሪ።"

አውድራ ሰናፍጩን እንደያዘች አለቀሰች፣ ሳቀችም፤ አፏን መሸፈኑን ረሳችው። የመርከቡ ትኬት ከንቱ ቀረ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ብሮኒዩስ ካቡን ጨረሰው። እሑድ ድንጋይ ማንኳኳት በኛ ግቢ ነውር ነው፤ የዚያን ቀን ግን ማንም ትንፍሽ አላለም።

ልጅቷ እንደተባለው ሐምሌ ሐምሌ እየሄደች አጨደች፤ ትምህርቷንም ጨረሰች። ከኛ በስተ ሰሜን ባሕር ላይ ዓሣ በሚረባባቸው ቦታዎች አራት ዓመት ያህል ሠራች፤ አምስትም ሊሆን ይችላል፣ እሱ ይምታታብኛል። ከዚያ አገሯ ገባች።

የመጨረሻው ካርድ የደረሰኝ ባለፈው ገና ነው። አውድራ በባሕሩ ዳር ባለችው በክላይፔዳ ከተማ ትኖራለች፤ የዓሣ ጤና በሚመረምር መሥሪያ ቤት ትሠራለች፤ ሁለት ሴት ልጆች አሏት። ብሮኒዩስም እርሻውን ትቶ እዚያው ገብቷል፤ ከነሱ ሁለት መንገድ ወዲህ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው ያለው።