ከድጁና የጠፋው መልስ

መምህርት ከድጁ አባቢያ አማን ከተማ ውስጥ ሃያ ዓመት ሒሳብ ስታስተምር ኖራ፣ ልጇ ላምያ ዩኒቨርሲቲ ስትገባላት እሷም ለሁለተኛ ዲግሪ ቴፒ ካለው ዩኒቨርሲቲ ተመዘገበች። አራት ክረምት ተመላለሰች። ኮምፒውተር መንካት የጀመረችው በአርባ አራት ዓመቷ ነው፤ ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን የሚባለውን የለውጥ ፍጥነት ስሌት የሚፈታውን ሶፍትዌር ለመልመድ ብቻ ዓመት ፈጀባት። የመመረቂያ ጽሑፏ የቡና ፍሬ በሽታ በአንድ ማሳ ውስጥ በምን ፍጥነት እንደሚዛመት በሒሳብ የሚያሳይ ነበር።

ጽሑፏን በፈታኞች ፊት በምትከላከልበት በዲፌንሷ ቀን ግማሽ ሰዓት ያለ እንከን አቀረበች። በዕድሜ የሚያንሳት አማካሪዋ ዶክተር ሕዝቅያስ ፊቱ ፈክቷል። ከዚያ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ ዶክተር ታምሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ወይዘሮ ከድጁ፣ በሽታው ጨርሶ ያልገባበት ማሳስ? እስቲ የታመሙ ፍሬዎችን መነሻ ቁጥር ዜሮ ያድርጉት።»

ቀላል ጥያቄ መሰላት። ኮምፒውተሩ ላይ ዜሮ አስገባች። ፕሮጀክተሩ በሚያበራበት ግድግዳ ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጣ፦ በዜሮ ማካፈል አይቻልም። ደግማ ሞከረች። ያው ነው።

«እንግዲህ በእርስዎ ስሌት ጤነኛ ማሳ የሚባል የለም ማለት ነው?»

ሕዝቅያስ አቀረቀረ። «ማሽኑ ነው» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

«በሰሌዳው ልጠቀም?» አለች።

ማርከሩን ይዛ በእጇ ትፈታው ጀመር። ሦስተኛው መስመር ላይ ቀጥ አለች። ሶፍትዌሩ የእኩልታውን ሁለቱንም ወገን በታመሙት ፍሬዎች ብዛት አካፍሏል፤ ብዛቱ ዜሮ ሊሆን እንደሚችል ግን አላሰበም። የዘጠነኛ ክፍል ልጆችን «ዜሮ አለመሆኑን ሳታረጋግጡ አታካፍሉ!» እያለች ስትቆጣ የኖረች ሰው! ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

«ዜሮም ራሱ መልስ ነው» አለች ዞራ። «በሽታው ካልገባ የታመሙት ብዛት ዜሮ እንደሆነ ይኖራል። ሶፍትዌሩ ሲያካፍል ያንን መልስ ጣለው፤ እኔም ሳላጣራ ተቀበልኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ውጪ እንድትጠብቅ ተነገራት። አርባ ደቂቃ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ላምያ ሁለቴ ደወለች፤ አላነሳችም።

ሲጠሯት ታምሩ ጽሑፏን መለሱላት። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ አንድ መስመር በእርሳስ ተከቧል።

«በሁለት ሳምንት አርመው ያምጡት። አልፈዋል» አሏት። ቀጥለውም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ይቺን መልስ እኔም በወጣትነቴ ጥያት አውቃለሁ» አሉ።

ከሰዓት በሚኒባስ ወደ አማን ተመለሰች። ድምጿ እንዳይንቀጠቀጥባት ፈርታ፣ መንገድ ላይ ያለችውን የሸኮን ከተማ እስኪያልፉ ለላምያ አልደወለችም።