ማዶ ያለው ሶላር

ተናኘ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ዝቅ ብላ ባለች ጠባብ ሱቅ ልብስ ስትሰፋ ነው ፀጉሯ የሸበተው። ሳያትን መርፌ አያያዝ ያስተማረቻት እሷ ናት። ሳያት ግን እጇ ሲፈታ ፊት ለፊት የራሷን ሱቅ ከፈተች፤ ጣሪያው ላይም ሶላር አስተከለች።

መብራት በጠፋ ቁጥር ተናኘ በቅናት ትበግናለች። እሷ በሩ አጠገብ ጎንበስ ብላ በእግር ከሚረገጥ የስፌት መኪናዋ ጋር ስትታገል፣ ማዶ የሳያት የኤሌክትሪክ መኪና ያለ ድካም ይሰፋል። የቆዩ ደንበኞቿ ሳይቀሩ "ቶሎ ስለምታደርስልን ነው" እያሉ ተሻገሩ።

ሐምሌ ገባ። ደመናው ከወጨጫ ተራራ ተነስቶ ሰፈሩን ይከድነውና ፀሐይ ሳትታይ ትውላለች። የሳያት ባትሪ ስለማይሞላ መብራት በጠፋ ቀን መኪናዋ ከምሳ በፊት ቀጥ ይላል። ተናኘ ዝናብ ሲዘንብ ደስ ይላት ጀመር።

አንድ ቀን ሳያት የሚዜ ቀሚስ ታቅፋ፣ ዝናብ መቷት መጣች።

"እትዬ ተናኘ፣ ጠርዙን መቀምቀም ብቻ ነው የቀረኝ። በእርስዎ መኪና ልጨርሰው?"

"ክር እየበጠሰ አስቸግሮኛል" አለች ተናኘ፣ ቀና ሳትል። መኪናው ምንም አልሆነም ነበር። ሳያት ቀሚሱን በላስቲክ ሸፍና ተመለሰች።

መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ጠራ። ዝናብ ያጠበው የሳያት ሶላር ጥርት ያለ ፀሐይ ሲያገኝ ከበፊቱም በረታ። ተናኘ ይህን ማየት አልቻለችም። ዕቁቧ ሲደርሳት ያንኑ ዓይነት ሶላር አስተከለች፤ መኪናዋም ላይ ሞተር አስገጠመች።

መጀመሪያ ደህና ሠራ። ጥር ላይ ግን አጠገባቸው ሕንፃ ተጀመረና አሸዋ የሚያራግፉ የጭነት መኪኖች አቧራውን ያቦኑት ጀመር። ፀሐይ አናት ላይ ሆናም የተናኘ መኪና ያቃስታል፤ የሳያት እንደ ወትሮው ነው። "ለእኔ የወደቀውን ነው የሸጥክልኝ" ብላ ሶላሩን ከሸጠላት ነጋዴ ጋር ተጣላች።

አንድ ጠዋት ሱቋን ስትከፍት ሳያት መሰላል ላይ ቆማ ሶላሯን በእርጥብ ጨርቅ ስትወለውል አየቻት።

"የእርስዎንም አቧራ ይዞታል፣ እትዬ። ልጥረግልዎት?"

"እኔም እግር አለኝ። መሰላሉን ብቻ ስጪኝ።"

ተናኘ ጣሪያዋ ላይ ወጥታ ወለወለችው። ጨርቁ ወዲያው ጭቃ ሆነ። ቀን ላይ መኪናዋ እንደ አዲስ ሮጠ፤ የእሷ ፊት ግን አልተፈታም። ሳያት የክረምቱን ነገር አንስታ አንዲት ክፉ ቃል ብትናገራት ይቀላት ነበር። ሶላሩ ብቻ ሳይሆን ደግነቱም የማዶዋ መሆኑ አንገበገባት።

አሁን ተናኘ የራሷ መሰላል አላት። ጠዋት ጠዋት ከሳያት ቀድማ ወጥታ ትወለውላለች። ከመውረዷ በፊት ግን ማዶ አሻግራ ታያለች፤ የማን ይበልጥ እንደሚያብለጨልጭ።