በግራ የተሠራ ዳንቴል

ነገሩን ከመጀመሬ በፊት ማን እንደ ነበርኩ ልናገር። አስመራ ውስጥ የጽሕፈት መኪና የሚጠግን ሰው ሞልቶ ነበር፤ የጣልያንኛውንም፣ የዐረብኛውንም፣ የአማርኛውንም ፈታትቶ አንዲት ብሎን ሳይተርፈው መልሶ የሚገጥም ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ለመኩራራት ቢሆንም እውነት ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው፤ ያውም በጣልያን ጊዜ፣ ለእኛ ከዚያ በላይ በማይፈቀድበት። ፌዴሬሽኑ ፈርሶ የመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ሁሉ ወደ አማርኛ ሲዞር ስንቱ የተማረ ሰው ተደናገጠ፤ እኔ ግን ከአዲስ አበባ የመጡትን መኪናዎች ፊደል በፊደል እየፈታሁ ቋንቋውን ከብረቱ ላይ ተማርኩት። ሦስት ወር አልፈጀብኝም። ይህንንም የምጽፈው በዚያው አማርኛ ነው።

የምኖረው ጥራቮሎ ሰፈር፣ አራት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ፣ በአንዲት ክፍል ነበር። ያኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። አላገባሁም። እናትና አባቴ ሞተዋል፤ ወንድም እኅት የለኝም። መሥሪያ ቤት ሳለሁ ሰው ሁሉ ይጠራኛል፤ መኪና ይሰበራላ። ከቅዳሜ ቀትር እስከ ሰኞ ጧት ግን የገዛ ድምፄን የምሰማው ስስል ብቻ ነበር።

የሥራ ክፍሌ መስኮት ከጠባቧ መንገድ ማዶ ካለ ሰገነት ጋር ፊት ለፊት ይተያያል። በዚያ ሰገነት ላይ አንዲት አሮጊት ጣልያናዊት በየቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ወንበሯን ታወጣና ዳንቴል ትሠራ ነበር። እኔ የሚሠራ እጅ ካየሁ ዐይኔን መንቀል አልችልም። ኪሮሿ እንዴት ክሩን እንደሚጠልፍ፣ ስንት ቀለበት እንደምትቆጥር፣ የት ላይ እንደምትዞር አንድ ሙሉ ክረምት አጠናሁ። ከዚያ የአሮጌ ብረት ገበያው መደበር ወርጄ ከአሮጌ ብስክሌት ጎማ የወለቀ ራጂ፣ ቀጭኑን የብረት ዘንግ፣ አገኘሁ፤ ጫፉን ራሴ ሞርጄ መንጠቆ አወጣሁለት። ሱቅ ሄጄ ኪሮሽ ስጡኝ ማለት ለወንድ የሚሞከር አልነበረም።

እሷ እጇን ስታነሣ በእሷ ትይዩ ያለውን እጄን አነሣለሁ። መስታወት እንደሚያይ ሰው ማለት ነው። ስለዚህ እሷ በቀኟ የምትሠራውን እኔ በግራዬ ለመድኩት። ስበላም ስጽፍም በቀኜ ነው፤ ዳንቴል ላይ ብቻ ግራኝ ሆኜ ቀረሁ። ሌላው ሰው ከቀኝ ወደ ግራ ሲሄድ እኔ ከግራ ወደ ቀኝ እሄዳለሁ፤ የሌላው ሰው ዙር በሚዞርበት አቅጣጫ የእኔ አይዞርም። ይህን ያወቅሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜ እጄ ከእሷ እጅ ፈጥኖ ስለ ነበር መቀየሩን አልፈለግሁትም።

ደስታው እንዴት ነው ብትሉኝ፣ እሑድ ከቀትር በኋላ ወንበሬን ፀሐይ ወደሚገባበት መስኮት አስጠጋለሁ። ክሩ በጣቴ መሐል ሲያልፍ ትንሽ ይሞቃል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ዝለል፣ መልስ። ቁጥሩ ሌላውን ሐሳብ ሁሉ ከጭንቅላቴ ያስወጣል። ቀና ስል ፀሐይዋ ሄዳለች፣ ጭኔ ላይ ከሰዓታት በፊት ያልነበረ አበባ አለ።

ግን የሚያየው የለም። አንድ ጊዜ ትንሽ ክብ ዳንቴል ወደ ሥራ ወስጄ ብሎኖቼን አሳረፍኩበት። ከአዲስ አበባ ተዛውራ የመጣች ታይፒስት አነሣችው።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን ሠራልዎት?»

«እኅቴ» አልኩ።

«እጇ ይባረክ! ለእኔም አንድ ታድርግልኝ።»

የመዝገብ ቤቱ ሹም ከበሩ ላይ ሆኖ «ምን እኅቱን ታስቸግሪያለሽ፣ እሱው ቀሚስ ለብሶ ይሥራልሽ እንጂ!» አለ። ሁሉም ሳቁ። ከሁሉ በላይ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ። ክቧን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ፤ ከዚያ በኋላ ሥራዬ ሁሉ ከአልጋዬ ሥር ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ተከማቸ።

ሣጥኑን መጀመሪያ ያየችው ጎረቤቴ ናት። ባሏ የሞተባት፣ ጥራቮሎ ውስጥ ባለች ትንሽ ባር ወጥ የምትሠራ፣ አንዲት ልጅ ያላት ሴት ነበረች። አንድ እሑድ ራዲዮዋን ታቅፋ መጣች።

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ዜና አንብብ ብለው ያንኮራፋል።»

ራዲዮውን ስከፍት ዐይኗ ክፍት በነበረው ሣጥን ላይ ወደቀ። «ዋእ! ሚስት ደብቀህ ነው የምትኖረው?»

«ሚስት የለኝም።»

«ታዲያ ይሄን ማን ሠራው?»

እጄን አነሣሁላት። ሳቀች። ከዚያ አንዱን ወደ ብርሃን ይዛ ገለበጠችው፣ መልሳ ገለበጠችው፣ ሳቋን ተወች። «ማርያም! በዚህ ዘይት በጠገበ ጣት?»

ለሁለት ዓመት የጠበቅሁት ቃል ይህ ነበር። ራዲዮውን በነጻ ጠገንኩላት።

በሚቀጥለው እሑድ አንድ ሣህን ዝግኒ በእንጀራ ይዛ መጣች፤ ጉዳይም ይዛ ነበር። ልጇ ታጭታለች። በእኛ ሰፈር ከሠርጉ በፊት የሙሽራው ዘመዶች፣ በተለይ ሴቶቹ፣ የልጅቱን የእጅ ሥራ ሊያዩ ይመጣሉ፤ የአልጋ ልብስ፣ የጠረጴዛ ልብስ፣ የራዲዮ ልብስ። ልጅቱ ከሱቅ ሥራ ተመልሳ መርፌ የምትይዝበት ጊዜ አልነበራትም፤ ቢኖራትም ፍላጎቱ አልነበራትም።

«አንተ ሥራልኝ፣ የልጄ ነው እንበል» አለችኝ። «ክሩን እኔ አመጣለሁ።»

«አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ» አልኳት። «ሠርጉ ካለፈ በኋላ ለሙሽራው የሠራሁት እኔ መሆኔን ንገሪው። ለሌላ ለማንም አይደለም። አንድ ሰው ይወቅልኝ።»

«እወ ሓወይ፣ በማርያም። ድግሱ ይለፍ እንጂ።»

ዘጠኝ ወር ፈጀብኝ። ዘጠኝ ወር ሙሉ እሑድ እሑድ ሣህን ይዛ መጥታ እኔ ስሠራ አጠገቤ ተቀመጠች። ስለ ባሩ ጠጪዎች ታወራኛለች፤ ሻሂ ታፈላልኛለች። ልጅቱም አልፎ አልፎ ትመጣና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «አያ፣ አይሰለችህም?» ትለኛለች። አልሰለቸኝም። የአልጋ ልብሱ ጭኔ ላይ እያደገ፣ እየከበደ፣ በክረምት ብርድ እያሞቀኝ ሄደ። ፈጣን ነበርኩ፤ በስድስት ወር ልጨርሰው እችል ነበር። ግን እንዳያልቅብኝ ብዬ መሐሉ ላይ ሌላ የአበባ ረድፍ ጨመርኩበት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ሴቶቹ የመጡ ቀን ጎረቤት ስለሆንኩ እኔም ተጠራሁ። የአልጋ ልብሱ በትልቁ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ቤቱን ሁሉ አበራው። በልቤ «ተመልከቱ» እል ነበር። ከመጡት መሐል የሙሽራው አክስት፣ በልጅነቷ ከጣልያን መነኮሳት ዘንድ የእጅ ሥራ የተማረች ወይዘሮ ነበረች። ሌሎቹ እልል ሲሉ እሷ መነጽሯን አደረገች። ጫፉን ይዛ ገለበጠችው። ጣቷን በአንዱ አበባ ዙሪያ አዞረች።

«ይሄ በግራ እጅ የተሠራ ነው» አለች። ወደ ልጅቱ ዞረች። «ልጄ፣ ግራኝ ነሽ?»

ልጅቱ የሻሂ ብርጭቆ በቀኟ ይዛ ቆማ ነበር። 

«ኪሮሽ ስጧት እስቲ። ለጨዋታ ነው፣ አንድ ዙር ብቻ።»

 ልጅቱ ብርጭቆውን አስቀምጣ እናቷን አየች። በዚያች ቅጽበት ተነሥቼ «እኔ ነኝ» ብል፣ በሕይወቴ የምፈልገውን አንድ ነገር አገኝ ነበር፤ ልጅቱም ጋብቻዋን ታጣ ነበር። አፌን ሳልከፍት እናትየዋ ቀደመችኝ።

«አደይ፣ እናቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ያስተማረቻት ወዳጄ ግራኝ ነበረች። አብዛኛውን የሠራችውም እሷ ናት። ሥራውን እንደ ጨረሰች ሞተችብን። ልጄ ከዚያ ወዲህ ኪሮሽ መንካት አልቻለችም።»

ልጅቱ ማልቀስ ጀመረች። ልቅሶው የእውነት ነበር፤ ምክንያቱ ሌላ ቢሆንም። አክስቲቱ መነጽሯን አወለቀች።

«ውይ፣ ነፍስ ይማር! እንዲህ ያለች እጅ አፈር ይብላት? ስሟን ንገሩኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት እሰጥላታለሁ።»

እናትየዋ ከአፏ እንደ መጣላት አንድ የሴት ስም ተናገረች። ሴቶቹ ሁሉ ተነሥተው «ነፍስ ይማር» አሉ። ወደ እኔም ስላዩ እኔም ተነሣሁ። ነፍስ ይማር አልኩ።

ከሠርጉ ሳምንት በኋላ ቃሏን አስታወስኳት። ዐይኗን ከእኔ አሸሸች።

«ሓወይ፣ የተቀበረ ሰው እንዴት አድርጌ ላስነሣ? አክስቲቱ በየእሑዱ በስሟ ታስጸልያለች። አሁን ብናገር ልጄ ምን ትባላለች?»

እውነቷን ነበር። ተናድጄ ነበር፤ ግን እውነቷን ነበር። ልጅቱ ከባሏ ጋር ከረን ሄደች፤ የመጀመሪያውን ልጅ ስትወልድ እናትየዋም ተከተለቻት። ስትሄድ ያን ራዲዮ ትታልኝ ሄደች። እሑዶቼ ወደ ቀድሞው ተመለሱ።

ብዙ ጊዜ ስለዚያች ስለሌለች ሴት አስባለሁ። በየእሑዱ ስሟ በቤተ ክርስቲያን ይጠራላታል። እኔን ሰኞ እስኪደርስ የሚያስታውሰኝ ሰው አልነበረም። አንዳንዴም ቀናሁባት፤ የራሴ እጅ ላይ ቀናሁ ማለት ነው።

በግራዬ የሠራሁትን ነገር ከዚያ በኋላ ለሰው ማሳየት አልቻልኩም፤ አክስቲቱ በከተማው ውስጥ ያልገባችበት ቤት አልነበረም፣ አይታ ታውቀዋለች። ስለዚህ በአርባ ሁለት ዓመቴ እንደ ገና በቀኜ ተማርኩ። ግራዬን ጭኔ ሥር አስቀምጬ፣ ያለ አስተማሪ። ከመጀመሪያው ይልቅ ይህ ከበደኝ።

ዛሬ እናትየዋም አክስቲቱም በሕይወት የሉም፤ ልጅቱ የልጅ ልጆች አይታለች፤ ብናገር ማንንም አልጎዳም። እኔ ሰማንያ አልፎኛል። ስለዚህ የሠራሁትን እቆጥራለሁ፤ ሁሉንም የሠራሁት እኔ ነኝ።

አንድ የሁለት ሰው የአልጋ ልብስ፣ በመሐሉ አንድ ትርፍ የአበባ ረድፍ ያለበት።

አንድ የጠረጴዛ ልብስና አንድ የራዲዮ ልብስ፣ ለዚያው ቤት።

ለቤተ ክርስቲያን የመጋረጃ ጫፍ፤ ማታ በር ላይ ጥዬው የሄድኩት፣ ማን እንዳመጣው ሳይታወቅ የተሰቀለ።

ሹራብ አሥራ አንድ፤ ዘጠኙን ለብሼ ጨርሻለሁ።

ኮሌታቸውን ገልብጬ የሰፋኋቸው ሸሚዞች፣ ቁጥራቸውን አላውቅም።

በቀኝ እጅ የተሠራ አንድ የአልጋ ልብስ፣ ለራሴ፣ የአንድ ሰው።

ሁለት እጅ፣ ሁለቱም ዳንቴል የሚችሉ። በአስመራ ሌላ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ይምጣና ያሳየኝ።

ዛሬ ጧትም ያለ መነጽር፣ በመጀመሪያው ሙከራ፣ በመርፌ ቀዳዳ ክር አስገብቻለሁ።