እርጥብ አኻያ

ሚስቴ ይህን ሳትሰማ ሞተች። ልጆቼም አያውቁም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምስክርነት ያለው ይነሣ ሲባል፣ ስንት ዓመት ሙሉ ወንበሬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ጉተማ ግትር ነው፣ አይነሣም ይሉኛል። ግትርስ ነኝ። ያልተነሣሁት ግን ብነሣ ይህ ነገር ከአፌ እንዳይወጣ ፈርቼ ነው።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ያውም ጢም ካወጣሁ በኋላ፣ ያውም በአማርኛ። ስለዚህ በአማርኛ እጽፋለሁ። አንተ የምታነበው ማን እንደሆንክ አላውቅም። እንድታዝንልኝ አይደለም የምነግርህ። ብቻ እስከ መጨረሻው ስማኝ።

አሁን ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር፣ ልጄ ቤት ነው የምኖረው። ያኔ ግን የጮመን ሐይቅ ዳር ሰው ነበርኩ። ጮመን ድሮ ረግረግ ነበር። ውሃው ሲገደብ ሜዳው ሰጠመ፤ ሣሩ ግን አልሰጠመም። ሥሩ እርስ በርሱ እንደተቆላለፈ፣ አፈሩን እንደያዘ ተነቅሎ ተንሳፈፈ። ከብት ይግጥበታል፣ ሰው ይሄድበታል። ስትረግጠው እንደ ሽቦ አልጋ ይወዛወዛል። ከሥሩ ጥቁር ውሃ ነው። ከውሃው ሥር ደግሞ የድሮ ሰዎች ቤትና መቃብር።

ታኅሣሥ ላይ ብርዱ ሲጠና፣ ጠዋት ሣሩ ውርጭ ለብሶ ሲነጣ፣ ቆሮሶ የምንለው ዓሣ ከሣሩ ሥር ይሰበሰባል። እኛም ሣሩን በማጭድ ክብ አድርገን፣ በርሜል የሚያስገባ ያህል እንቆርጣለን። በዚያ ጉድጓድ መንጠቆ አውርደን ቁጢጥ ብለን እንጠብቃለን። ድምፅ የለም። ሩቅ ያለ ሰው ሲራመድ እርምጃው ከመቀመጫህ ሥር ይሰማሃል። መጣ ብለህ ዞር ስትል ማንም የለም።

ደንብ ነበረን። ጉድጓድ የቆረጠ ሰው ሲሄድ ምልክት ይተክላል፤ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ የደረቀ፣ ልጡ የተላጠ ነጭ እንጨት። ጉድጓዱ በሁለት በሦስት ቀን ሣር ስለሚለብስ፣ ምልክት ከሌለው ሰውም ከብትም ይገባበታል። ሁለተኛው ደንብ ደግሞ፣ ባለቤቱ በሌለበት ምልክቱን ያየ ሁሉ እዚያ ማጥመድ ይችላል። እኔ የጠላሁት ይህን ሁለተኛውን ነበር። ያን ዓመት ያገኘሁት ቦታ ዓሣው የሚያልቅ አይመስልም ነበር። ለምን ለሌላ ላሳይ? ምልክት አልተከልኩም። የታጨደ ሣር ከላይ አልብሼ ሄድኩ። አንድ ቀን አይደለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲያ አደረግሁ።

ተርፋሳ ጎረቤቴ ነበር፤ በዕድሜ ያንሰኛል፣ ሳቂታ ነው። አንድ ጠዋት የተሸከምኩትን ዓሣ አይቶ መንገድ ላይ አቆመኝ።

«ኦቦ ጉተማ፣ ዓሣዎቹ አንተ ዘንድ ብቻ ነው እንዴ ስብሰባ የሚቀመጡት? ጉድጓድህን አሳየኝ እንጂ።»

«ማጭድ አለህ፣ ሣሩም ሞልቷል። የራስህን ቁረጥ።»

«አይ አንተ ስስታም። ግድ የለም፣ አንድ ቀን እግሬ ያገኘዋል» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

በሳምንቱ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከብቶቹን ሊመልስ ሣሩ ላይ ወጣ። ሲመሽ ከብቶቹ ብቻቸውን ገቡ። ሲነጋ አገሩ ሁሉ ዳር ዳሩን እየተጣራ ይፈልገው ጀመር። እኔ አልተጣራሁም። የት እንደምሄድ አውቅ ነበር።

ያለበስኩት ሣር የለም። ጉድጓዱ ክፍት ነው፤ ኮፍያው ውሃው ላይ ቀስ ብሎ ይዞራል። ነፋስ አልነበረም። ጠርዙ ዙሪያውን ተቦጫጭቋል። ከብት አይደለም የቦጨቀው። በእጅ ነው፣ የጣቶቹ መንገድ ይታያል። ክንዴን እስከ ብብቴ አስገባሁ። ምንም አልነካሁም። እዚያው በደረቴ እንደተኛሁ ከሥሬ እርምጃ ተሰማኝ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቀና ስል ሣሩ ላይ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ያን ጊዜ መጮህ ነበረብኝ። አልጮህኩም። ዳር ወጥቼ ውሃው ዳር ከቆመ አኻያ ዛፍ አንድ ቀጥ ያለ ቅርንጫፍ ቆረጥኩ። የደረቀ ልፈልግ፣ ልጥ ልላጥ ጊዜ አልነበረኝም። እርጥቡን ወስጄ ከጉድጓዱ አጠገብ ተከልኩት። ከዚያ በኋላ ነው የጮህኩት።

ሰው ተሰበሰበ። ጉድጓዱ የእኔ ነው አልኩ። በረጅም ዘንግ ሲፈልጉ ዋሉ፤ አልተገኘም። አንድ ሽማግሌ እንጨቱን አየና «ምልክቱ ይኸው ቆሟል። ፀሐይ ነበር፣ ዓይኑም ደህና ነው። ታዲያ ምን ሊያደርግ እዚህ መጣ?» አለ። ያን ሰሞን ተርፋሳ ሁለት በሬ ሞቶበት እንደነበር ሁሉም ያውቃል። እኔም አፌን ከፈትኩ። «ሰሞኑን ዝም ብሎ ነበር፣ ከሰው አይጫወትም ነበር» አልኩ። ማን ጠየቀኝ? ያ ሰው ከሳምንት በፊት መንገድ ላይ አቁሞኝ ሲስቅ አልነበረም?

በዚያች በእኔ ቃል ተርፋሳ ራሱን ያጠፋ ሰው ሆነ። አስከሬን የለም፣ ሰባኪው አልሰበከም፣ መዘምራኑ አልዘመሩም። ለቅሶ የደረሰውም ቶሎ ቶሎ ተነሣ። ልጆቹን ሰው «የዚያ የውሃው ሰውዬ ልጆች» አላቸው። ሚስቱ አዴ ዲንቂቱ አንገቷን ደፍታ ልጆቿን ይዛ ዘመዶቿ ዘንድ ቢላ ከተማ ገባች። ዕቃዋን የጫንኩላት እኔ ነኝ። አመሰገነችኝ።

እንጨቱ ግን አልሞተም። አኻያ ውሃ ካገኘ ይበቅላል። በሚቀጥለው ክረምት ነፋሱ ያን ሣር ከሌላው ገንጥሎ ወሰደው፤ ደሴት ሆነ። አንድ ዛፍ ብቻውን ቆሞ ሐይቁ ላይ ይሄድ ጀመር። ጠዋት ከወዲያ ማዶ ታየዋለህ፣ ማታ ከደጅህ ፊት ነው። ሰው «ተርፋሳ መጣ» ይላል። ከብቶቹ ግጦሽ ትተው ወደ እሱ ያያሉ። ቅጠሉ ሲበዛ ሥሩም ይረዝማል፤ ወደ ታች ወርዶ ምን እንደያዘ አስባለሁ። ከዚያ አገር የወጣሁት ለልጆቼ ትምህርት ብዬ ነው እላለሁ። ውሸት ነው። ከዛፉ ሸሽቼ ነው።

ባለፈው ታኅሣሥ አዴ ዲንቂቱ ለሕክምና ነቀምቴ መጣችና እኛ ቤት አደረች። አርጅታለች። ጠዋት «አከም ቡልቴ፣ ኦቦ ጉተማ» ብላ፣ እንዴት እንዳደርኩ ጠይቃኝ፣ አጠገቤ በረንዳ ላይ ተቀመጠች። ሐይቁ ዳር ደርሳ መምጣቷን ነገረችኝ። ዛፉ ዳር ወጥቶ ቆሟል፣ ሊቆርጡት ነበር፣ ተዉት ብያለሁ አለች። ከዚያ እጇን እያየች፦

«ምልክት እኮ ደረቅ ነው፤ ይላጣል። የሁላችሁም እንዲያ ነበር። ያንተ ለምን በቀለ?»

መድኃኒቴን ልውሰድ ብዬ ተነሣሁ። ስመለስ ነጠላዋን አጣጥፋ ለመሄድ ተዘጋጅታ ነበር። አልተቆጣችም። ያን ያህል ዓመት የጠበቀች ሴት ናት፤ እኔ ግን አንድ ቃል ነፈግኋት።

ይህን ወረቀት ቢላ ወስጄ፣ እሷና ልጆቿ ባሉበት በጉባኤው ፊት አነባለሁ። ዓይኔ ከደከመ ሌላ ሰው ያንብበው፤ እኔ እቆማለሁ። ይቅር በሉኝ አልልም። ወጣት ነበርኩ፣ ፈርቼ ነበር አልልም። ሰው ገደልኩ፣ ከዚያ ስሙን ገደልኩ።

ዲንቂቱ፣ ባልሽ ምልክት አይቶ አልገባም። ምልክት አልነበረም። የበቀለው እርጥብ ስለነበረ ነው። እርጥብ የሆነው ያን ጠዋት ስለቆረጥኩት ነው። ስተክለው ኮፍያው ውሃው ላይ ነበር።